አይረን ካንሰር ያመጣል ወይ? ብረት በሴላችን ውስጥ የሚሠራው ሥራ

ይህን ጥያቄ የሚጠይቁት በአብዛኛው ለደም ማነስ የአይረን (የብረት) ኪኒን የታዘዘላቸው ሰዎች ናቸው። አንዱ ዩቲዩብ ላይ "ብረት ሴል ያበላሻል" ሲል ሰምተው ኪኒኑን መሳቢያ ውስጥ ከተው የሚተዉም አሉ። አጭሩ መልስ ይኸው፦ ብረት ያለ ቦታው ልቅ ሆኖ ሲገኝ ሴል ይጎዳል። ለዓመታት ከመጠን በላይ ሲጠራቀም ደግሞ ለካንሰር በር ይከፍታል። ሐኪም ደም መርምሮ ለደም ማነስ ያዘዘው ኪኒን ግን ከዚህ ጋር አይደመርም። ለምን እንደማይደመር ለመረዳት ብረቱ ከአፋችን ጀምሮ የት የት እንደሚደርስ መከተል ያስፈልጋል።

እኔን ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ግን ሌላ ነው። ያው ሴል የሚያበላሸው ብረት ዛሬ የካንሰር ተመራማሪዎች ካንሰሩን ራሱን ሊገድሉበት የሚሞክሩት መሣሪያ ሆኗል። ይህን የሰማ ሰው ጥቂት ነው፤ ቢሰማ ደስ ይለኛል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መውጫ የሌለው ማዕድን

በአንድ ጤነኛ ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ ከ3 እስከ 4 ግራም ብረት አለ። ከዚህ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ደማችን ውስጥ ነው፤ ሄሞግሎቢን በሚባለው ኦክስጅን ተሸካሚ ፕሮቲን ውስጥ። አንዲት ቀይ የደም ሴል ብቻዋን ከአንድ ቢሊዮን በላይ የብረት አቶም ትይዛለች። መቅኒያችን ደግሞ እንዲህ ያሉ ሴሎችን በየሰከንዱ 2 ሚሊዮን ገደማ ይሠራል።

ይህ ሁሉ ብረት ከየት ይመጣል? ከምግብ ወደ ደም የምናስገባው በቀን ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ብቻ ነው። መቅኒው ግን በቀን ከ20 ሚሊግራም በላይ ይፈልጋል። ልዩነቱን የሚሸፍነው የአሮጌው ደም ብረት ነው። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ያህል ትኖራለች። ስታረጅ ጣፊያና ጉበት ውስጥ ያሉ በላተኛ ሴሎች ይውጧታል፤ ብረቷን አውጥተው ወደ ደም ይመልሱታል። መቅኒው ያንኑ ወስዶ አዲስ ሴል ይሠራበታል። ሰውነታችን በብረት ላይ እንዲህ ቆጣቢ ነው።

ቆጣቢነቱ ግን ጣጣ አለው። ጨው ቢበዛብን ኩላሊት በሽንት ያስወጣዋል። ብረት ቢበዛብን ግን ማስወጫ መንገድ አልተሠራለትም። ከቆዳና ከአንጀት ከሚረግፉ ሴሎች ጋር በቀን ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ይሄዳል፤ ሴቶች በወር አበባ ተጨማሪ ይቀንስላቸዋል። ከዚያ ውጪ የገባው ይቀራል። ስለዚህ ጥበቃው በሙሉ ያለው መግቢያው ላይ ነው። ዘበኛው ሄፕሲዲን የሚባል፣ ጉበት የሚያመርተው ሆርሞን ነው። ብረት ሲበቃን ሄፕሲዲን ይጨምራል፤ አንጀት ብረት ማሳለፉን ይቀንሳል። ሲያንሰን ሄፕሲዲን ይወርዳል፤ በሩ ይከፈታል። የሚገርመው ይህ ዋና ተቆጣጣሪ የታወቀው በ2000 አካባቢ መሆኑ ነው። ትናንት ማለት ይቻላል።

የገባውም ብረት ብቻውን አይለቀቅም። ደም ውስጥ ትራንስፈሪን የሚባል ፕሮቲን ሁለት ሁለት አቶም እየያዘ ያዞረዋል። ሴል ውስጥ ሲደርስ ፌሪቲን የሚባለው ፕሮቲን ይረከበዋል። አንዱ ፌሪቲን እስከ 4500 የሚደርስ የብረት አቶም በውስጡ ማጠራቀም ይችላል። ላቦራቶሪ ሄዳችሁ "ፌሪቲን" ተብሎ የሚለካላችሁ የዚህ ፕሮቲን መጠን ነው። ብዙውን ጊዜ የተጠራቀመውን ብረት ያመለክታል።

አንድ ማዕድን ይህን ያህል የሚጠበቀው ለምንድን ነው?

የፌንተን ግኝት

በ1876 ሄንሪ ፌንተን የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበሩ። በዚያ ዓመት ለአንድ የኬሚስትሪ መጽሔት አጭር ደብዳቤ ጻፉ። ወይን ፍሬ ውስጥ የሚገኘውን ታርታሪክ አሲድ ከትንሽ የብረት ጨውና ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ሲቀላቅሉትና አልካሊ ሲጨምሩበት ደማቅ ሐምራዊ ቀለም ሰጠ። ዝርዝሩን በ1894 አሳተሙ። ብረቱ ያስፈለገው በጣም ጥቂት ነበር፤ ጥቂቷ ግን አሲዱን ለመለወጥ በቃች። ያኔ ስለ ካንሰር ያሰበ ማንም አልነበረም።

ዛሬ "የፌንተን ምላሽ" የሚባለው ይህ ነው። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቁስል ለማጠብ የምናውቀው፣ አረፋ የሚያወጣው ፈሳሽ ነው። ሴሎቻችን ከኦክስጅን ኃይል ሲያመነጩ እሱንም በጥቂቱ ያመነጫሉ። ብቻውን ያን ያህል አያሰጋም፤ የሚያፈርሱት ኤንዛይሞች አሉ። ልቅ ብረት ሲያገኘው ግን ብረቱ አንድ ኤሌክትሮን ይሰጠውና ለሁለት ይሰነጥቀዋል። ከዚህ ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባል ነገር ይወለዳል።

ይህ ራዲካል ዕድሜው የሰከንድ ቢሊዮንኛ ያህል ነው። አጠገቡ ያገኘውን ማንኛውንም ሞለኪውል ይመታል፤ አይመርጥም። ሰውነታችን የሚያከሽፈው ኤንዛይም የለውም፤ ከኤንዛይም ይፈጥናል። ስለዚህ ያለው መከላከያ እንዳይወለድ ማድረግ ብቻ ነው። ትራንስፈሪንና ፌሪቲን ብረቱን አጥብቀው የሚይዙት ለዚህ ነው።

ራዲካሉ የሚመታው ሁለት ነገር ለእኛ ጉዳይ ዋና ነው። አንዱ ዲኤንኤ ነው። ከአራቱ የዲኤንኤ ፊደላት ጓኒን የሚባለው በቀላሉ ይጠቃል። የተጠቃ ጓኒን ዲኤንኤው ሲገለበጥ ከተሳሳተ ፊደል ጋር ሊጣመር ይችላል። ስህተቱ ሳይታረም ከቀረ ሴሉ ሲከፋፈል ለልጆቹ ያወርሰዋል። አልፎ ተርፎም የዲኤንኤውን ክር ይበጥሳል። ካንሰር የሚጀምረው እንዲህ ያለ ስህተት የሴልን እድገት በሚቆጣጠሩ ጂኖች ላይ ሲያርፍና ሲደጋገም ነው።

ሁለተኛው የሴል ሽፋን ነው። ሽፋኑ የተሠራው ከስብ ነው። ቅቤ ወይም ዘይት ተከፍቶ ሲቆይ ሽታው የሚለወጠው ስቡ ከኦክስጅን ጋር ስለሚዋሃድ ነው፤ በሴል ሽፋን ላይም የሚሆነው ይኸው ነው። አንዱ የስብ ሞለኪውል ሲበላሽ ጎረቤቱን ያበላሻል፤ ያም ቀጣዩን። ብረት ይህን ሰንሰለት ያፋጥነዋል። ይህን ነጥብ ያዙት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ማስረጃው ከየት መጣ?

ኬሚስትሪው በብልቃጥ ውስጥ እውነት ሆነ ማለት በሰው ላይ ካንሰር ያመጣል ማለት አይደለም። ማስረጃው የተጠራቀመው ቀስ በቀስ ነው።

በ1959 በእንግሊዝ የታተመ ጥናት አይረን ዴክስትራን የሚባለውን የብረት መርፌ ደጋግመው የተወጉ አይጦች በተወጉበት ቦታ ዕጢ እንዳበቀሉ አሳየ። በ1982 ደግሞ ጃፓናውያኑ ኦካዳና ሚዶሪካዋ ብረትን ከሌላ ኬሚካል ጋር አጣምረው በአይጦች ሆድ ውስጥ ወጉ። ኬሚካሉ ብረቱን ይዞ በኩላሊት ማጣሪያ ያሳልፈዋል። ብረቱ እዚያው የኩላሊት ቱቦዎች ላይ የፌንተንን ምላሽ ያስነሳል። ሴሎቹ ይሞታሉ፤ አዳዲስ ይተካሉ፤ እነሱም እንደገና ይመታሉ። ከወራት በኋላ አይጦቹ የኩላሊት ካንሰር ያዛቸው። በናጎያ ዩኒቨርሲቲ ሺንያ ቶዮኩኒና ባልደረቦቻቸው ሥራውን ቀጠሉበት። ዕጢዎቹን ሲመረምሩ ፒ16 የሚባለው፣ ሴል እንዳሻው እንዳይከፋፈል የሚይዘው ጂን በብዙዎቹ ውስጥ ጠፍቶ አገኙት። ይህ ትልቅ ነገር ነው። በብዙ የሰው ካንሰሮችም ውስጥ የሚጠፋው ያው ጂን ነውና።

በሰዎች ላይ ጥርት ያለው ማስረጃ ሄሞክሮማቶሲስ ከሚባለው በዘር የሚተላለፍ ሕመም ይመጣል። በተለይ ዘራቸው ከሰሜን አውሮፓ በሆነ ሕዝቦች ዘንድ የተለመደ ነው። ከ200 እስከ 300 ሰው ውስጥ አንዱ ከአባቱም ከእናቱም የተለወጠውን ጂን ይወርሳል። ጂኑ በ1996 ተገኝቷል። እነዚህ ሰዎች ሄፕሲዲናቸው በቂ ስላልሆነ የአንጀታቸው በር አይዘጋም። ሁሉም አይታመሙም። ብረቱ በዝቶ ከተጠራቀመባቸው ግን በአርባና በሃምሳ ዓመታቸው ጉበታቸው ይጠነክራል፤ አንዳንዱ ስኳር ይይዘዋል፤ ልቡም ይጎዳል። በ2020 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት ይህ የተለወጠ ጂን ካላቸው ወንዶች 7.2 በመቶው እስከ 75 ዓመታቸው ድረስ የጉበት ካንሰር እንደሚይዛቸው ገመተ። ጂኑ ከሌላቸው ወንዶች 0.6 በመቶ ብቻ ናቸው። ሕክምናው የጥንቱ ነው፦ ደም ማውጣት። ግማሽ ሊትር ያህል ደም ሲወጣ ከ200 እስከ 250 ሚሊግራም ብረት ይዞ ይሄዳል። በጊዜ የተጀመረለት ሰው ጉበቱን ያድናል።

ከደቡባዊ አፍሪካም ምሳሌ አለ። እዚያ በየቤቱ የሚጠመቀው ባህላዊ ቢራ በብረት በርሜል ይጠመቅ ነበር። መጠጡ ጎምዛዛ ስለሆነ ብረቱን ከበርሜሉ እያሟሟ ይወስዳል። ለዓመታት የጠጡ ሰዎች ጉበት በብረት ተሞልቶ ተገኘ። ለጉበት ካንሰር ያላቸው ተጋላጭነትም ከፍ ያለ ሆነ። እዚያም ጂን የበኩሉን ድርሻ ሳይኖረው አልቀረም ይላሉ ተመራማሪዎቹ።

አስቤስቶስም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ሳንባ ሽፋን ላይ ሜሶቴሊዮማ የሚባለውን ክፉ ካንሰር የሚያመጣው ማዕድን ነው። ሰማያዊውና ቡናማው ዓይነት በተፈጥሮው ብዙ ብረት አለው። ክሩ ሳንባ ውስጥ ይሰካል፤ በላተኛ ሴሎች ሊውጡት ሞክረው ያቅታቸዋል። በዙሪያውም ብረት ይከማቻል። የቶዮኩኒ ቡድን ለዓመታት ሲሟገት የኖረው የአስቤስቶስ ክፋት አንዱ ምክንያት ይህ ብረት ነው ብሎ ነው።

ስለ ቀይ ሥጋ አንድ ነገር ብቻ ልበል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2015 እንደ ቋሊማ ያሉትን የተቀነባበሩ ሥጋዎች ካንሰር አምጪ፣ ቀይ ሥጋን ደግሞ "ምናልባት ካንሰር አምጪ" ብሎ መድቧል። በቀን 50 ግራም የተቀነባበረ ሥጋ የአንጀት ካንሰር አደጋን በ18 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከሚጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ ሥጋው ውስጥ ያለው የደም ብረት ነው፤ ብቸኛው ግን አይደለም። በበዓል ክትፎ የሚቀምስ ሰው በዚህ እንቅልፍ ማጣት የለበትም።

ከሁሉም ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ አንድ የአሜሪካ ጥናት ነው። የተሠራው በጦር ሠራዊት ጡረተኞች ሆስፒታሎች ነው። 1277 የእግር ደም ሥር ጥበት ያለባቸው ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። የአንደኛው ቡድን አባላት በየስድስት ወሩ ደም ይወጣላቸው ነበር፤ ብረታቸው እንዲቀንስ። ሌሎቹ አይወጣላቸውም። የጥናቱ ዋና ጥያቄ ስለ ደም ሥር እንጂ ስለ ካንሰር አልነበረም። በ4 ዓመት ተኩል ገደማ ክትትል ግን ደም ከወጣላቸው ውስጥ 38ቱ፣ ካልወጣላቸው ውስጥ 60ዎቹ አዲስ ካንሰር ያዛቸው። ውጤቱ በ2008 ታተመ። አንድ ጥናት ነው። የተሳተፉትም ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ናቸው። ለካንሰር ተብሎ ስላልተነደፈ "ተረጋገጠ" ማለት አይቻልም። በዚህ ጥያቄ ላይ በደንብ የታሰበበት ሰፊ ጥናት መሠራት ነበረበት ባይ ነኝ።

ታዲያ የእኛ ኪኒን?

አሁን ወደ መሳቢያው ኪኒን እንመለስ። በኢትዮጵያ በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶዎቹ ደም ማነስ አለባቸው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባሉ ሕፃናት ደግሞ 57 በመቶ ነው። ከግማሽ በላይ! ሁሉም በብረት እጥረት አይደለም። ወባም፣ የአንጀት ትልም፣ ሌላ ሕመምም አለበት። ግን ብረት ያጠረው ሰውነት ብረት ሲሰጠው በሩን ከፍቶ ይቀበለዋል፤ ወዲያው ወደ መቅኒ ወስዶ ደም ይሠራበታል። ልቅ ሆኖ የሚከማች ትርፍ የለውም። ነፍሰ ጡር ሴት አይረንና ፎሊክ አሲድ የሚሰጣት ለራሷም ለጽንሱም ስለሚያስፈልግ ነው። በወሊድ ጊዜ ደም ቢፈሳት ደም ማነስ ያለባት እናት የመትረፍ ዕድሏ ይጠብባል። ካንሰርን ፈርቶ ይህን ኪኒን ማቆም ትልቅ ጥፋት ነው፤ ይህን ስጽፍ ከልቤ ነው።

"ጤፍ እየበላን እንዴት ብረት ያንሰናል?" የሚልም ይኖራል። ድሮ ጤፍ ሲለካ የብረቱ መጠን በጣም ከፍ ብሎ ይገኝ ነበር። ኋላ የተሠሩ ጥናቶች ምክንያቱን አሳዩ። ጤፍ አውድማ ላይ፣ በበሬ እግር ሥር ይወቃል። ፍሬዋ ደቃቅ ናት፤ አፈር ይዛ ትመጣለች። ከሚለካው ብረት ብዙው የአፈሩ ነው፤ አንጀትም በቀላሉ አይወስደውም። ጤፉ ራሱ ያለውን ብረትም ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር አንቆ ይይዘዋል። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ እርሾ ያለው፣ በቂ ቀን የቆየ ሊጥ ይሻላል። ከምግብ ጋር ወይም እላዩ ላይ የሚጠጣ ሻይና ቡና ደግሞ ብረቱን ያግዳል። ኪኒኑን በቡና የምትውጡ ካላችሁ ቡናውን ለሌላ ሰዓት አድርጉት። ሎሚ ወይም ብርቱካን ግን ያግዛል።

ውጭ ያሉ ልጆች በሻንጣ መልቲቫይታሚን ለወላጅ መላክ ለምደዋል። ፍቅር ነው፤ ግን ጠርሙሱን አንብቡ። ደም ማነስ የሌለባቸው ወንዶችና የወር አበባ ያቆሙ ሴቶች ተጨማሪ ብረት አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልጋቸውም። ለነሱ ብረት የሌለበት ዓይነት ይሸጣል። የሚያስፈልግ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው በፌሪቲንና በትራንስፈሪን ምርመራ ነው። ፌሪቲን በኢንፌክሽን ወይም በጉበት ሕመም ጊዜም ከፍ ስለሚል ቁጥሩን ሐኪም ያንብብላችሁ።

አንድ አደጋ ግን ዛሬውኑ ቤታችሁ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ በደንብ ላስረዳው። የተለመደው 300 ሚሊግራም የፌረስ ሰልፌት ኪኒን 60 ሚሊግራም ንጹሕ ብረት አለው። ልጅ በኪሎ ከ20 ሚሊግራም በላይ ከዋጠ መመረዝ ሊጀምር ይችላል። በኪሎ 60 ሚሊግራም ከደረሰ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ሒሳቡን እንሥራው። 10 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን አራት ኪኒን ለመመረዝ ይበቃል፤ አሥር ኪኒን ሊገድል ይችላል። ኪኒኑ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀይ፣ ለስላሳና በስኳር የተለበጠ ነው፤ ልጅ ከረሜላ መስሎት ያነሳዋል። መጀመሪያ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ደም ሊቀላቀልበትም ይችላል። ከዚያ ለሰዓታት የተሻለው ይመስላል። ወላጅ የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ዝምታ ውስጥ ብረቱ ጉበት ውስጥ ገብቶ የሴሎቹን የኃይል ማመንጫ እያወደመ ነው። በማግሥቱ ልጁ ራሱን ሊስት ይችላል። ስለዚህ "ዋጠ" ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ደህና ቢመስልም ሳትጠብቁ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ዴፈሮክሳሚን የሚባል ብረትን አንቆ በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት አለ። አሜሪካ ውስጥ በአንድ ወቅት ትንንሽ ልጆችን በመመረዝ በመግደል የአይረን ኪኒን ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ነበር። በ1997 ኪኒኑ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበትና ጠንከር ያለው አንድ አንድ ሆኖ ተለይቶ እንዲታሸግ ተደነገገ፤ ሞቱም በጣም ቀነሰ። የማሸጊያ ለውጥ ብቻ የልጅ ነፍስ አዳነ።

ካንሰሩ ራሱ ብረት ሲጠማ

ወደ ሌላው ገጽ እንለፍ። የካንሰር ሴል ቶሎ ቶሎ ይከፋፈላል። ለመከፋፈል ዲኤንኤውን መገልበጥ አለበት፤ ለዚያም ብረት ያስፈልገዋል። ስለዚህ የካንሰር ሴሎች ብረት ማስገቢያቸውን ያበዛሉ፤ ማስወጫቸውን ያሳንሳሉ። በ2010 በጡት ካንሰር ላይ የተሠራ ጥናት የብረት ማስወጫው ፕሮቲን ባነሰ ቁጥር በሽታው እየከፋ እንደሚሄድ አሳይቷል። ካንሰሩ ብረት ያግበሰብሳል ማለት ነው። ብረት ካግበሰበሰ ግን የፌንተን ምላሽ ለእሱም አይቀርለትም።

ይህን በግልጽ ያወጣው ሥራ የተጀመረው በ2003 ነው። ብሬንት ስቶክዌል የሚባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ብዙ ሺህ ኬሚካሎችን በካንሰር ሴሎች ላይ ሞከሩ። የፈለጉት ራስ በሚባለው ጂን መለወጥ የተነሳ ካንሰር የሆኑትን ሴሎች ለይቶ የሚገድል ነው። አንድ አገኙ፤ ኢራስቲን አሉት። ግር ያላቸው የአሟሟቱ ሁኔታ ነበር። ሳይንስ ከ1972 ጀምሮ በደንብ የሚያውቀው አንድ የሴል አሟሟት አለ፤ አፖፕቶሲስ ይባላል። ሴሉ ራሱን በሥርዓት ቆራርጦ ይሞታል። እነዚህ ግን እንደዚያ አልሞቱም። ዴፈሮክሳሚን፣ ያው ብረት የሚያንቀው መድኃኒት ሲጨመርባቸው ደግሞ ሞቱ ቆመ። ብረት ከሌለ ሞት የለም! በ2012 ስኮት ዲክሰንና ስቶክዌል በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ አሟሟት ፌሮፕቶሲስ የሚል ስም አወጡለት።

የሚሆነው ከላይ ያዙት ያልኩት ነገር ነው። የሴሉ የስብ ሽፋን በብረት እየተገፋ ሰንሰለቱን ይዞ ይበላሻል፤ በመጨረሻ ሴሉ ይፈነዳል። ጤነኛ ሴል ይህን የሚከላከለው ጂፒኤክስ4 በሚባል ኤንዛይም ነው። ጣሊያናዊው ኡርሲኒና ባልደረቦቻቸው በ1982 ያገኙት ይህ ኤንዛይም የተበላሸውን ስብ ሳይዛመት ያክመዋል። ለመሥራት ሴሊኒየም የሚባል ማዕድንና ግሉታታዮን የሚባል ንጥረ ነገር ይፈልጋል። ኢራስቲን የሚሠራው የግሉታታዮንን ጥሬ ዕቃ በር ላይ በማገድ ነው። ጥሬ ዕቃው ሲቀር ኤንዛይሙ ባዶ እጁን ይቀራል፤ ብረቱም ያሻውን ያደርጋል።

ለሕክምና ተስፋ የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው። ካንሰር በኬሞ ከተመታ በኋላ ጥቂት ሴሎች ተደብቀው ይተርፋሉ። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ተመልሶ የሚመጣው ከነሱ ነው። ካንሰር ያገረሸበት ዘመድ ያለው ሰው የዚህን ክብደት ያውቀዋል። በ2017 ሁለት የምርምር ቡድኖች እነዚህ እምቢተኛ ሴሎች ጂፒኤክስ4 ላይ እጅግ የተደገፉ መሆናቸውን አሳዩ። ኬሞውን የቻሉት ሴሎች ኤንዛይሙ ሲነሳባቸው ይሞታሉ። በ2019 ደግሞ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሰውነት መከላከያ ሴሎችም ካንሰርን ሲወጉ በከፊል በዚሁ መንገድ እንደሚገድሉት አገኙ።

እንቅፋቱ ጂፒኤክስ4 ለጤነኛውም ሴል የሚያስፈልግ መሆኑ ነው። በ2014 ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ይህን ጂን ሲያጠፉ አይጦቹ ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሞቱ። መላ ሰውነት ላይ የሚሠራ መድኃኒት ሕመምተኛውንም ይዞ ይሄዳል ማለት ነው። እዚህ ላይ "ታዲያ ፀረ ኦክሲዳንት እንዋጥ" የሚል ሰው እንዳይቸኩል ልጥቀስ። ቫይታሚን ኢ ፌሮፕቶሲስን ያግዳል፤ የጤነኛውንም የካንሰሩንም። ከ35 ሺህ በላይ ወንዶች በተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት ቫይታሚን ኢ የወሰዱት የፕሮስቴት ካንሰራቸው 17 በመቶ ጨምሮ ተገኝቷል፤ ውጤቱ የወጣው በ2011 ነው። ኬሞ ወይም ጨረር ላይ ያለ ሰው ቫይታሚንም ሆነ አይረን ሐኪሙን ሳይጠይቅ መጀመር የለበትም።

በፓሪስ በኩሪ ኢንስቲትዩት ራፋኤል ሮድሪጌዝና ቡድናቸው ሌላ መንገድ ይዘዋል። ብረት ሴል ውስጥ የትም አይበተንም፤ ብዙው ሊሶሶም በሚባለው የሴሉ የቆሻሻ ማጣሪያ ውስጥ ይከማቻል። እምቢተኞቹ የካንሰር ሴሎች ሲዲ44 በሚባል ፕሮቲን በኩል ብረትን በብዛት ወደዚያ ያስገባሉ። ቡድኑ ሊሶሶም ውስጥ ገብቶ ያንን ብረት የሚቀሰቅስ ሞለኪውል ሠራ። በግንቦት 2025 ባወጡት ሥራ ከታማሚዎች በተወሰዱ የቆሽት ካንሰርና የሳርኮማ (የጡንቻ፣ የስብ፣ የአጥንትና የመሳሰሉት ካንሰር) ናሙናዎች ላይ ሴሎቹን ገድሏል። የተዛመተ የጡት ካንሰር ባለባቸው አይጦች ላይም የዕጢውን እድገት ቀንሷል። የሞለኪውሉን ስም ፌንቶማይሲን አሉት፤ በፌንተን ስም። መርዙን ካንሰሩ ራሱ አጠራቅሞት ስለሚገኝ፣ ብረት ያላግበሰበሰ ጤነኛ ሴል ይተርፋል የሚል ነው ሐሳባቸው። በሰው ላይ ከመሞከሩ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ግን ጉበትና ጣፊያችን ውስጥ ያሉት፣ አሮጌ ደም የሚውጡት ሴሎች ምን ይሆናሉ የሚለው ነው። እነሱም ሊሶሶማቸው ከማለዳ እስከ ማታ ብረት ያስተናግዳል።